መምሰልና መወከል

«እንደራሴ» የሚለው ቃል ለጆሮ አንድ ቢሆንም ሲፈታ ሁለት ነው፤ «እንደ ራሴ»። በቀድሞው ዘመን ቃሉ የሚያገለግለው ንጉሥን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ሊደርስበት በማይችለው አገር ላይ የሚያስቀምጠው ሹም እንደራሴ ይባል ነበር። ይኸውም «ይህ ሰው በፊታችሁ ሲቆም እኔ እንደቆምሁ ቍጠሩት» ማለት ነው። ምክር ቤት ከተቋቋመ በኋላ ግን ቃሉ ባለቤቱን ለወጠ፤ ከንጉሥ እንደራሴነት ወደ ሕዝብ እንደራሴነት ተሸጋገረ። ባለቤቱ ሲለወጥ ታዲያ ከባድ ጥያቄ ተከትሎት መጣ። ንጉሥ አንድ ሰው ነው፤ ራሱን ያውቃል፤ እንደራሴውንም ይሾማል፣ ይሽራል። ሕዝብ ግን ብዙ ነው። «ራሴ» የሚለው ከመካከሉ ማን ነው? «እንደ ራሴ» የሚባለውስ በቋንቋው፣ በትውልዱና በመልኩ መራጩን የሚመስለው ሰው ነውን? ወይስ መራጩ በቦታው ቢሆን ኖሮ ያደርግ የነበረውን የሚያደርግለት?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ወደ አንድ ሥፍራ ወስዶ መመርመር ይበጃል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ 75,219 ነዋሪዎች ተመዝግበውባታል። እርሷና እኅቶቿ፣ ማለትም ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ሻምቡ፣ ነጆ፣ መንዲና ቤጊ፣ ኢትዮጵያ ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ የሞከረቻቸውን የምክር ቤት ዓይነቶች ሁሉ አይተዋል። መሳፍንት የመረጡትን፣ ባለንብረት የተወዳደረበትን፣ ፓርቲ ያጨውን፣ በብሔር ማንነት ላይ የቆመውንም አሳልፈዋል። በዚህ የተነሣ መምሰልና መወከል ምን ያህል እንደሚቀራረቡና ምን ያህል እንደሚራራቁ ለመመዘን የወለጋ ከተሞች ታሪክ ጥሩ ሚዛን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የመምሰልን ዋጋ ማቃለል አይገባም። የመሬት ክርክር ያለበት አንድ የገጠር ሰው ነገረ ፈጅ ሊያቆም ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ቋንቋዬን ያውቃል ወይ?» ብሎ ነው። አስተርጓሚ በመካከል ከገባ ነገሩ ከዳኛው ዘንድ ይደርስ ይሆናል፤ ምሬቱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ወለጋ ይህን ቀደም ብሎ ተረድቶታል። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተመው በ1899 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፣ በኋላም ዕድሜውን ሲያስተምር ያሳለፈው በነቀምቴ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ በቋንቋው ሊነበብና ሊጻፍ እንደሚችል የታወቀው ምክር ቤት ከመቋቋሙ ከሠላሳ ዓመታት በፊት ነበር። ሆኖም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 የመንግሥቱ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ደነገገ። የወለጋው እንደራሴ ስለ ወገኑ ከመናገሩ በፊት ወገኑን መተርጐም ነበረበት። ሲተረጐም የሚጐድል ነገር መኖሩን ደግሞ ከመምህርና ከኪነ ጥበብ ሰው ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ትልቁ ጉድለት የቋንቋ ብቻ አልነበረም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉ ሁለት ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የመምሪያውን አባላት መሳፍንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡለት አደረገ። ሕዝቡ ገና አልበቃም ብሎ የፈረደው ራሱ መራጩ መሆኑ ነው። በወለጋ በኩል የነበሩት የአገሩ ባላባቶች የሕዝቡ ተወላጆች ነበሩ። የሌቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬም ሆነ ልጁ ኩምሳ ከሌላ አገር የመጡ ገዥዎች አልነበሩም። ኩምሳ ግን ሲጠመቅ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ በታላቁ አደባባይ የሚጠራውም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብሎ ሆነ። ስሙ መለወጡ የግል እምነት ጉዳይ ብቻ ነበር ማለት ያስቸግራል። ወደ መንግሥቱ አዳራሽ የሚገባ ሰው ስሙን በር ላይ አስቀምጦ የሚገባበት ዘመን ነበርና።

ከዚህ ጋር አንድ የ1928 ዓ.ም. ታሪክ መነሣት አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ከሄዱ በኋላ 33 የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች፣ አካባቢያቸው በመንግሥታት ማኅበር ውሳኔ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንዲተዳደር የሚጠይቅ ጽሑፍ ፈርመው ነበር። የፈረሙበት ምክንያት ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ለታሪክ ባለሙያዎች ይቆይ። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላው ገጽታ ነው። ፈራሚዎቹ ስለ ሕዝቡ ሲናገሩ ኦሮሞነታቸውን ማንም ሊክድ አይችልም፤ ነገር ግን በጭሰኛው ስም ሲፈርሙ ጭሰኛውን የጠየቀው አልነበረም። ቋንቋው፣ ትውልዱና አገሩ አንድ ነበር፤ ያልነበረው የአደራው ሰንሰለት ብቻ ነው።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለአካለ መጠን የደረሰ ዜጋ ሁሉ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። በዚህ ምርጫ የተሰየመው የመጀመሪያው ምክር ቤትም በ1950 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። የምርጫው ሕግ ግን ተወዳዳሪው በሚወዳደርበት ወረዳ ቢያንስ የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። ፓርቲ የሚባል ነገርም አልነበረም። ስለዚህ ጭሰኛው መምረጥ ቢችልም መመረጥ ግን ከእጁ የራቀ ነበር። ወለጌው ወለጌውን መርጦ ይልካል፤ የተላከው ግን ከሲሶና ከእርቦ ከፋዩ ይልቅ ለተቀባዩ ይቀርባል። በደም የመሰለ በኑሮ ላይመስል እንደሚችል ያ ዘመን አስተምሯል።

የ1966ቱ አብዮት ይህን ጉድለት በመደብ በኩል ሊሞላው ተነሣ። ፓርላማው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት የካቲት የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ለብሔረሰቦች ራስን በራስ የማስተዳደር መብት ቃል ገባ። በሰኔ 1979 ዓ.ም. የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ ከእነርሱም መካከል ገበሬዎችና ወዛደሮች ይገኙ ነበር። በመልኩ ሲታይ ሸንጎው ከቀደሙት ምክር ቤቶች ይልቅ አገሪቱን ይመስል ነበር። ነገር ግን እጩዎቹን የሚያቀርቡት ፓርቲውና ፓርቲው የሚመራቸው ድርጅቶች ነበሩ። ገበሬው በወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የሚመክርበት ነገር ግን ከሌላ ክፍል ተዘጋጅቶ ይመጣለት ነበር። እዚህ ላይ መስተዋቱ ሰፋ እንጂ አልተናገረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ሥርዓት መልሱን በቀጥታ በብሔር ማንነት ውስጥ ፈለገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቍጥር ከ550 እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ አነስተኛ ቍጥር ላላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንዲሆን አደረገ። በአንቀጽ 61 ደግሞ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ አባል እንዲኖረው፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ አባል እንዲጨመርለት ደነገገ። በ547 መቀመጫ በተዋቀረው የተወካዮች ምክር ቤት ኦሮሚያ 178 መቀመጫ አገኘች። በነቀምቴ ፍርድ ቤትና ማዘጋጃ ቤት ኦሮምኛ የሥራ ቋንቋ ሆነ። ባለጉዳይ በአፍ መፍቻው ቋንቋ ሊከስና ሊከራከር ቻለ። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሰው ቢኖር በአስተርጓሚ ተሟግቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ መምሰል ከተሟላ ውክልናም ተሟላ ማለት ነውን? የኋለኛው ታሪክ እንዲህ ለማለት አያስደፍርም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ የወለጋ ተወላጅ የሆኑት አቶ ቡልቻ ደመቅሳ የመሩት የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 መቀመጫ አግኝቶ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547ቱ 545 ወሰዱ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም። በእነዚያ ምክር ቤቶች የኦሮሚያን ወንበሮች የያዙት ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ የብሔሮች ስብጥርም አልጐደለም። ሆኖም በ2007 ዓ.ም. ምርጫው በተደረገ በጥቂት ወራት ውስጥ ኦሮሚያን ያናወጠው ተቃውሞ ተነሣ፤ የወለጋ ከተሞችም ከዋና ዋና መድረኮቹ መካከል ነበሩ። ሙሉ ወኪል አለው የተባለ ሕዝብ ቃሉን ለማሰማት መንገድ ላይ መውጣት ግድ ሆነበት። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይህን የመሰለውን ነገር ነው።

ልዩነቱን በአንድ ሰው የሕይወት ጉዞ ውስጥ ማየት ይቻላል። በደምቢ ዶሎ የተወለዱት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ነበሩ። የኦሮሞ ልጅ በመንግሥት ከፍተኛ ወንበር ላይ መቀመጡ በራሱ ትርጉም ነበረው፤ ሹመቱ ግን የክብር እንጂ የውሳኔ ሥልጣን አልነበረም። ከፓርቲያቸውና ከሥልጣናቸው ከተለዩ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በግል ተወዳደሩ፤ የደምቢ ዶሎ ሕዝብም መርጦ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ላካቸው። ሰውየው ያው ነው፤ ቋንቋውም ትውልዱም አልተለወጠም። የተለወጠው ከላኪው ጋር ያለው ግንኙነት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሕዝቡን በምልክትነት አቆሙት፤ በሁለተኛው ጊዜ ሕዝቡ ራሱ ላካቸው፤ ሊጠይቃቸውም ይችል ነበር። ሐና ፒትኪን የተባለችው የፖለቲካ ፍልስፍና ምሁር በ1967 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመችው መጽሐፍ የለየችው ይህንኑ ነው፤ ሌላውን መስሎ መቆም አንድ ነገር ነው፣ ስለ ሌላው መሥራት ግን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «ዋናው ነገር ሥራው ከሆነ፣ ዕውቀትና ቅንነት ያለው ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ሕዝብ ሊቆም አይችልምን? ማንነትን መጠየቅስ ለምን አስፈለገ?» የእንግሊዙ ኤድመንድ በርክ በ1774 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለብሪስቶል መራጮቹ ያስረዳው ከዚህ የሚቀራረብ ነው። እንደራሴ ለመራጩ የሚሰጠው ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን የራሱን ፍርድም ነው፤ ፍርዱን ለመራጩ ስሜት ከሠዋም በደለው እንጂ አላገለገለውም አለ። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው የአገራችን ሰው ይህን በቀላሉ አይቀበልም። ስለ ሌላው ጥቅም ከሌላው በላይ ዐውቃለሁ ያለ ሁሉ ከሞግዚትነት አልራቀም። በ1923 ዓ.ም. ሕዝቡ አልበቃም ያሉት መሳፍንትም በጎ እናስብለታለን ሳይሉ አልቀሩም። የብሪስቶል ሰዎች ግን በመጨረሻ ለበርክ ፊት ነሱት፤ በ1780 የመመረጥ ተስፋ እንደሌለው አይቶ ራሱን ከውድድሩ አገለለ። በርክ በራሱ ፍርድ መመራት ቻለ፤ መራጩም እርሱን መተው ቻለ። ሁለቱ በአንድነት ሲገኙ ነው የወኪል ነጻነት የማያስፈራው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ጉዳይ በጥቂት ቃላት አስቀምጦታል። በአንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። አመኔታ ያጣባቸው መራጭም ከቦታቸው ሊያነሣቸው ይችላል። ከሦስቱ ጌቶች መካከል ፓርቲ የሚባል አልተጠቀሰም፤ ዘርም አልተጠቀሰም። ለወለጋ ሰው ደግሞ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በሆሮ ምድር በኦዳ ቡሉቅ፣ በሌሎቹም የኦዳ ጥላዎች ሥር ጨፌ ሲቀመጥ፣ የገዳ መሪ ሥልጣኑን የሚይዘው ለስምንት ዓመት ነበር፤ ያጠፋ መሪ ዘመኑ ሳያልቅ የሚነሣበት ሥርዓትም ነበረ። አባ ገዳው ኦሮሞ መሆኑ ማንንም አያጠያይቅም ነበር፤ የሚጠየቀው አደራውን መጠበቁ ነበር።

የውክልና ከባዱ ፈተና የሚመጣው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው። ምክር ቤቱ በአንድ ማንነት ስም ሲጠራ፣ የዚያ ማንነት አባል ያልሆነው ነዋሪ እንደራሴ ማን ነው? በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የኦሮሚያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 የክልሉን የበላይ ሥልጣን ባለቤት የኦሮሞ ሕዝብ አድርጎታል። በቤጊና በአካባቢው ማኦዎች ይኖራሉ። በከተሞቹ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴና ሠራተኛ አለ፤ በገጠሩም ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌላም ሥፍራ በሠፈራ የመጣ ገበሬ አለ። የምርጫው ሥርዓት በየወረዳው አብላጫ ድምፅ ያገኘ ብቻ የሚያልፍበት በመሆኑ ተበታትኖ የሚኖር ሕዝብ ወንበር ለማግኘት ይቸገራል። 20ዎቹ ልዩ መቀመጫዎች በአገር ደረጃ ቍጥራቸው አነስተኛ ለሆኑት የተያዙ ናቸውና፣ በአገር ብዙ ሆኖ በወረዳ ጥቂት ለሆነው ነዋሪ አይደርሱትም።

ከድንበሩ ማዶ ሲታይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። አሶሳ ቀድሞ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ነበረች፤ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መቀመጫ ናት። የክልሉ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤቶች ብሎ የሚያውቃቸው በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ነው፤ በቍጥር ቀላል ያልሆኑት ኦሮሞና አማራ ከዚህ ውጭ ናቸው። በቤጊ በኩል ስማቸው ያልተጻፈው ማኦዎች በወዲያኛው በኩል ባለቤት ይባላሉ፤ በነቀምቴ ባለቤት የሆነው ኦሮሞ በአሶሳ እንግዳ ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በዚያ ክልል አንዳንድ ተወዳዳሪዎች በርታኛ አትችሉም ተብለው ታገዱ። አቤቱታቸው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበና በ1995 ዓ.ም. ውሳኔ ተሰጠ። ተወዳዳሪ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ይወቅ መባሉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ስለሆነ በበርታኛ ምክንያት መታገዳቸው ትክክል አልነበረም ተባለ። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ትልቅ የሥነ ምግባር ቍም ነገር አለ። ቋንቋ ሰው ሊማረው ይችላል፤ ደም ግን አይማሩትም። «ከሕዝቡ ጋር መነጋገር የምትችል ሁን» የሚል ሕግ በር ያበጃል፤ «ከሕዝቡ ትውልድ ሁን» የሚል ሕግ ግን ግድግዳ ያቆማል።

ጉዳዩ የወንበር ብቻ አለመሆኑን ያለፉት ዓመታት በመራራ ሁኔታ አሳይተዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺና በወለጋ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ከፊሉ በነቀምቴ ተጠለለ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ በቶሌ ቀበሌ፣ አብዛኞቹ አማሮች የሆኑ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ለእነዚህ መከራዎች የምክር ቤት አደረጃጀት ብቻውን ምክንያት ነው ማለት ነገሩን ማቅለል ይሆናል። ነገር ግን በሚኖርበት ቦታ «ስለ እኔ የሚጠየቅ ሰው ይህ ነው» ብሎ ጣቱን ሊቀስርበት የሚችል እንደራሴ የሌለው ሰው፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት የሚጮኽበት አደባባይም የለውም።

የጥንቱ የኦሮሞ ሥርዓት ለዚህ ችግር የራሱ መልስ ነበረው። ሞጋሳ በሚባለው ሥርዓት ከሌላ ሕዝብ የመጣው ሰው ወደ ጎሣው ይገባል፤ ከገባ በኋላ ጠላቱ የጎሣው ጠላት፣ ወዳጁ የጎሣው ወዳጅ ይሆናል። ብዙ ሕዝብ በዚህ መንገድ ወገን አግኝቷል። የሚገባው ግን የጎሣውን ስም ተሸክሞ ነው፤ ከነባሮቹ ጋር እኩል ያልሆነበትም ጊዜ ነበር። ኩምሳ ገብረ እግዚአብሔር ተብሎ ወደ ንጉሡ አዳራሽ እንደገባ፣ የሌላው ሕዝብ ልጅም ስሙን ለውጦ ወደ ጨፌ ጥላ ገባ። ሁለቱም ሥርዓቶች እንግዳን መቀበል ያውቁ ነበር፤ በራሱ ስም መቀበልን ግን ለኋለኛው ትውልድ አቆዩት።

ይህን ያልተፈጸመ ሥራ ሌሎች አገሮችም በየፊናቸው ሞክረውታል። ኒው ዚላንድ በ1867 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለማኦሪ ሕዝብ አራት መቀመጫ ለየች፤ ከ1975 በኋላም ማኦሪው በማኦሪ መዝገብ ወይም በጠቅላላው መዝገብ መመዝገብን ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደች። በሊባኖስ በ1943 ስድስት ለአምስት በሆነ ድርሻ ለክርስቲያኖችና ለሙስሊሞች የተከፈለው ወንበር በ1989 ስምምነት እኩል ለእኩል ሆነ፤ ዜጋው ግን አሁንም በእምነት ክፍሉ በኩል ካልሆነ የሚወከልበት መንገድ ጠባብ ነው። በመጀመሪያው ማንነት ሰውየው የሚጠቀምበት መብት ነው። በሁለተኛው ሰውየው የማንነቱ እስረኛ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ «እንደ ራሴ» የሚለው ቃል ከሁለት አንዱን ምረጡ የሚል አይደለም፤ ቅደም ተከተል እንዲጠበቅለት ነው የሚጠይቀው። መምሰል በር ነው፤ ለዘመናት በሩ የተዘጋበት ሕዝብ «ከእኔ የወጣ ይግባልኝ» ሲል ዘረኛ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ቤቱን ቤት የሚያደርገው ተጠያቂነት ነው። የላከው ሊጠይቀውና ሊመልሰው የማይችል ወኪል፣ የቱንም ያህል ላኪውን ቢመስል የላኪው ሥዕል እንጂ እንደራሴው አይሆንም። ከዚህም በላይ የአንድ ምክር ቤት እውነተኛ መለኪያ የሚገኘው ስሙን በሰጠው ሕዝብ ወንበሮች ቍጥር ውስጥ ብቻ አይደለም። በነቀምቴ የሚኖረው አማራና ጉራጌ፣ በቤጊ የሚኖረው ማኦ፣ በአሶሳ የሚኖረው ኦሮሞ፣ በካማሺ የሚኖረው ጉሙዝ፣ ስሙን ሳይለውጥና ትውልዱን ሳይደብቅ ቆሞ «እኔስ?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ እርሱ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው በዚያ ምክር ቤት ውስጥ መኖር አለበት። ካድሬው ሲያደራጅ፣ መምህሩ ሲያስተምር፣ ደራሲውና ተዋናዩም የሌላውን ሰው ቋንቋና ጠባይ ወስደው በመድረክ ሲያቆሙ ይኸው ግዴታ ይከተላቸዋል፤ የሌላውን ድምፅ የወሰደ ሁሉ ለዚያ ድምፅ ባለቤት ተጠያቂ ነውና።